ለሽማግሌዎች የተቀባ ግቢ

ጠቅላላ የወጣብኝ ሦስት መቶ አርባ ሺህ ብር ነው። በሩን፣ ቀለሙን፣ የሳሎኑን ጣሪያ፣ ሶፋውን፣ ምንጣፉን፣ ሣሩን፣ የሣሩን ውኃ፣ ከቤቴ የተሰደደው በርበሬ ያረፈበትንም መጋዘን ጨምሮ ነው። ሰው ሲጠይቀኝ ሁለት መቶ እላለሁ፤ ሚስቴ ስትጠይቀኝ አራት መቶ። እዚህ የጻፍኩት ግን እውነተኛው ነው።

ፍኖተ ሰላም ውስጥ በርበሬና በቆሎ ስነግድ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖኛል። በዚህ ሁሉ ዘመን የግቢዬ አጥር ዝገት የበላው ቆርቆሮ ነበር፤ በሩም ከሥሩ ተበልቶ ዶሮ ያሳልፋል። ድህነት አልነበረም፣ ዘዴ እንጂ። የነጋዴ በር ካብረቀረቀ የቀን ገቢ የሚገምቱት የግብር ሰዎች ገና ሳያንኳኩ ቁጥር ይጨምራሉ። ዘመድም ብድር ለመጠየቅ ድፍረት ያገኛል። የእኔን በር ያየ ዘመድ ግን ሊበደር መጥቶ አይዞህ ብሎኝ ይመለስ ነበር። እንዲያውም አንዱ በሳምንቱ እንቁላል ይዞልኝ መጣ።

ግቢው የበርበሬ ማስጫ ነው። በርበሬ ሲደርስ ከበሩ እስከ ኩሽናው ድረስ መሬቱ ቀይ ይሆናል፤ እኛም በጠርዝ በጠርዙ እንሄዳለን። የሳሎኑ እኩሌታ የጆንያ ክምር ነበር። እንግዳ ሲመጣ ከክምሩ ዝቅ ያለውን እመርጥለታለሁ። ጆንያ ላይ የተቀመጠ ሰው ወሬ አያበዛም፤ ይህም ትንሽ ጥቅም አይደለም።

ታዲያ ታኅሣሥ ውስጥ ሚስቴ እራት አቅርባ ስታበቃ፣ ስለ ጨው ዋጋ የምታወራ አስመስላ፣ ለልጃችን ሽማግሌ ሊላክ ነው አለችኝ። ልጅቱ ሁለተኛዋ ናት፤ እዚሁ ከተማ መድኃኒት ቤት ትሠራለች። ልጁ ማንኩሳ የሚያስተምር መምህር ነው፤ አባቱም ከማንኩሳ ወጣ ብሎ ባለው ገጠር የተከበሩ ገበሬ ናቸው። ልጁ ምንም እንከን የሚወጣለት አልነበረም። አንዱን እሾህ ግን ልጅቱ ራሷ ነገረችኝ። ባለፈው ዓመት የልጁ አባት ለትልቁ ልጃቸው ወደ ቡሬ ሽማግሌ ልከው ነበር። የተላከበት ቤት የሀብታም ቤት ነው። የቤቱ ጌታ ሽማግሌዎቹን ወለሉ እንዳይቆሽሽ ጫማ አስወልቆ አስገባቸው፤ ቆመው መልእክታቸውን ከተናገሩ በኋላ ደግሞ፣ ዘመድ ይማከርበታል ብሎ ቀጠሮ እንኳ ሳይቆርጥ ሸኛቸው። እስከ ዛሬ መልስ የለም። አባትዬው ከዚያ ወዲህ እንደዚያ ያለ ደጅ ሁለተኛ ሰው አላቆምም ብለው ምለዋል።

"አባዬ፣" አለችኝ፣ "እነዚህ ሰዎች ቅር ብሏቸው ከተመለሱ ሌላ የሚላክ ሽማግሌ የለም። እኔም ሌላ የማገባው ሰው የለኝም። ይወቁት ብዬ ነው።"

ይህን የሰማ አባት ማድረግ ያለበት ግልጽ ነው፤ ሰዎቹን ማክበር ነው። እኔና ሚስቴ ያልተስማማነው በአከባበሩ ላይ ነው። እኔ ሙክት አልኩ። እሷ ቤቱን አለች።

"ልጅህን በርበሬ መሐል አቁመህ ልትድር ነው?"

"የሚመጡት ለልጅቷ ነው፤ ለቆርቆሮው አይደለም።"

"ቆርቆሮውን አይተው ነዋ ልጅቷን የሚገምቷት። አንተ በርበሬ ስትገዛ ጆንያውን አታይም?"

አያለሁ። እንደማየውም ታውቃለች። በገዛ ሚዛኔ ስትመዝነኝ የመጀመሪያዋም አልነበረም። በማግሥቱ ቀለም ቀቢ ጠራች።

ቀለም ቀቢው ቀለሙን የሚይዝበት ጊዜ ስልኩን ከሚይዝበት ያነሰ ጎረምሳ ነው። የሰው ቤት ፎቶ እያሳየ፣ ሁሉንም ሞደርን ነው ይላል። በሩ ላይ ሁለት የብረት አንበሳ ይበየድና ወርቅ ቀለም ይቀባ አለ። ዋጋውን ስሰማ አንድ ይበቃል አልኩት። በሩ ባለ ሁለት ተካፋች ስለሆነ አንዱ ክንፍ ያለ አንበሳ ቢቀር የሚያየው ሰው ሌላኛው ተሰርቋል ይላል ብሎ መለሰልኝ። ለሁለቱም ከፈልኩ። ግድግዳው የኮክ ቀለም ሆነ። የሳሎኑ ጣሪያ ጅብሰም ተሠርቶለት ዙሪያውን ሰማያዊ መብራት ገባበት። ሚስቴ አንድ ማታ አብርታው በመስታወት ፊቷን አየችና አጠፋችው፤ ከዚያ በኋላ አልበራም።

ለሣሩ ቡሬ ሄድኩ። በርበሬ የጫነ አይሱዙ ይዤ ወርጄ፣ ተነቅሎ የሚተከል ሣርና የአበባ ችግኝ ጭኜ ስመለስ የቡሬ ነጋዴዎች መኪናውን ከበቡት። አንዱ ሣሩን አይቶ በሬ ማድለብ ጀመርክ እንዴ አለኝ። የግቢ ማስዋቢያ ነው ከማለት አዎ ማለት ይሻል ነበር፤ አዎ አልኩ። ስንት በሬ ነው ሲለኝ ሦስት አልኩት። ሽማግሌዎቹ ሦስት እንደሆኑ ሰምቼ ነበር።

ሣር በበጋ መትከል ምን ማለት እንደሆነ የገባኝ ከተተከለ በኋላ ነው። ቧንቧው ደስ ሲለው ይመጣል፣ ሲከፋው ይቀራል፤ ሣሩ ደግሞ በየቀኑ ይጠማዋል። በጋሪ ጄሪካን የሚያመላልስ ሰው ያዝኩ። ውኃው ለሣር ነው ስለው ጋሪውን አቁሞ፣ ለማን ነው አለኝ። ደግሜ ነገርኩት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰላምታ ሲሰጠኝ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፤ እንደ በሽተኛ።

በርበሬው ሙሉ በሙሉ ወጥቶ ተከራይቼለት መጋዘን ገባ። ጆንያዎቹም አብረውት ሄዱ። ሶፋው መጣ፤ ሚስቴ ግን ሽማግሌዎቹ ሳይቀመጡበት ማንም አይቀመጥበትም ብላ ላስቲኩን እንኳ አላነሳችም። ሣሩን መርገጥ ክልክል ነው። ምንጣፉ ላይ በጫማ አይገባም። በገዛ ቤቴ መቀመጫ ያጣሁት ቤቴ ካማረ በኋላ ነው፤ ምሳዬን ኩሽና ደፍ ላይ እበላ ነበር።

እሑድ መጡ፣ ጥር ውስጥ። በእኛ አገር የልጅቱ አባት ሽማግሌ እንደሚመጣ አያውቅም። ሰዓቱን ያውቃል፣ ስንት እንደሆኑ ያውቃል፣ በግ አርዷል፤ ግን አያውቅም። ሳያንኳኩ በር ከከፈተ ልጁን የሚወስድለት አጥቶ ደጅ ላይ ቆሞ ጠበቀ ይባላል፤ ይህ ወሬ ደግሞ ከእሱ አልፎ የልጅ ልጁንም ያገኛል። ስለዚህ በሩን ዘግቼ፣ የሥራ ጃኬቴን ለብሼ፣ ምንም ያልጎደለውን ሚዛን የማስተካክል መስዬ ግቢው ውስጥ ተቀመጥኩ። ሚስቴና ልጄ ከሳሎኑ መጋረጃ ጀርባ ነበሩ።

ከአጥሩ ውጭ ድምፅ ሰማን። አንዱ ቄስ ናቸው፤ አንዱ የልጁ አጎት። ሦስተኛው የጅጋ ነጋዴ ነው፤ እስላም ነው፣ ገበያ ላይ የምንተዋወቅ። እቤቴ አንድ ጊዜ መጥቶ በርበሬ ገዝቷል፤ መንገድ መሪ የሆነውም ለዚህ ነው።

"ቤቱ ይኸው መሰለኝ፤ ከመብራት እንጨቱ አጠገብ ነው ያሉን፣" አሉ ቄሱ።

"የለም አባ፤ የሱን ቤት አውቀዋለሁ። እኔን ጆንያ ላይ ነው ያስቀመጠኝ። ይኼ የባለሥልጣን ቤት ነው።"

እስከ መንገዱ መጨረሻ ወርደው ተመለሱ። እንደገና በሬ ላይ ቆሙ። የአጎትየውን ድምፅ ያን ጊዜ ሰማሁ፤ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሰው ናቸው። "አንበሳውን አያችሁልኝ? የቡሬው ሰውዬ እንኳ አንበሳ አልነበረው።"

ልጄ ከመጋረጃው ጀርባ ሆና፣ "አባዬ፣ ይክፈቱላቸው፣" አለችኝ።

"እንዴት አድርጌ? መምጣታቸውን አላውቅም እኮ።"

"ሳል፣" አለች ሚስቴ።

ሳልኩ። የሰው ድምፅ ሰምተው ያውቁኛል ብለን ነው። ከዚያ የጅጋው ነጋዴ፣ "ሰው አለ፤ ግን እሱ አይደለም። የሱ ሳል የበርበሬ ሳል ነው፤ ሲጀምር አያቆምም፣" አለ። እውነቱን ነው። በርበሬው ከወጣ ወዲህ ሳሉ ለቆኝ ነበር። ደግሜ ልስል ብሞክር እንደ ደህና ሰው ሆነብኝ።

በዚህ መሐል አንዲት ጎረቤት ስታልፍ ጠየቋት። እሱ ነው፣ አሁን አምሮለት ነው ብላ፣ ስለ ጅብሰሙም ጨምራ ነገረቻቸው። ቤቱ መታወቁን ሰምቼ ደስ ሊለኝ ሲል አጎትየው፣ "እንግዲያው ከቡሬው ይብሳል። ጫማችንን ሳንፈታ እንመለስ፣" አሉ። ዱላቸው አስፋልቱን እየመታ ራቀ።

ልጄ አላለቀሰችም። ወጥታ ሶፋው ላይ ተቀመጠች። ላስቲኩ ተንጫጫ። ተነሺ ያላት ሰው የለም።

የሄደ ሽማግሌን ተከትሎ መጥራት አይቻልም። በርበሬ ነጋዴ ግን በገበያ ቀን ጅጋ ቢታይ ማንም ምን ልትሠራ መጣህ አይለውም። ሄድኩና ነጋዴውን ሱቁ በር ላይ አገኘሁት። መጀመሪያ ስለ በርበሬ ዋጋ አወራን፤ ሁለታችንም ዋሸን። ቀጥሎ ስለ ልጆች ጤና ተጠያየቅን። በመጨረሻ ምን ነካህ፣ ሀብት ከየት መጣብህ አለኝ። ሀብቱ መጣ ሳይሆን ሄደ እንጂ አልኩትና በሩ ለማን ተብሎ እንደተቀባ ሳልነግረው፣ እንግዳ ስንጠብቅ ነበር ብቻ አልኩ።

"ለእኛ ነው እንዴ?"

"እኔ መምጣታችሁን አላውቅም።"

እስኪበቃው ሳቀ። ከዚያ ሳቁን ዋጥ አድርጎ፣ "አጎትየው ክፉ ሰው አይደሉም። ቡሬ ጫማ ካወለቁት አንዱ እሳቸው ናቸው፤ ካልሲያቸው ቀዳዳ ነበረው። እስከ ዛሬ ያንን ያወራሉ። በርበሬውን መልሰው፣ ወንድሜ፣" አለኝ።

"የት?"

"ቦታው። በሩንም ክፍት አድርገው፤ አንበሶችህ ወደ ግድግዳ ይዙሩ። የቀረውን ለእኔ ተወው።"

ሚስቴ ስትሰማ መጀመሪያ የጠየቀችው ስለ ሣሩ ነው። ገና መያያዙ ነው፤ በርበሬ ከተሰጣበት ይሞታል አለች። ልጄ ተነሥታ የአበባ ማስቀመጫዎቹን ወደ ጓሮ ትገፋ ጀመር። ሚስቴ ትንሽ ቆማ አየቻትና ሄዳ በሌላኛው ጎን ያዘችላት። ወዛደሮቹ በርበሬውን መልሰው አምጥተው ሣሩ ላይ ዘረጉት። ጆንያዎቹም በኮክ ቀለሙ ግድግዳ ሥር፣ ከሶፋው ፊት ለፊት ተደረደሩ። ማታ ላይ ሳሉ ተመለሰልኝ።

በቀጣዩ እሑድ ሦስቱም ገቡ። በሩ ክፍት ስለነበር ማንኳኳት አላስፈለገም፤ እኔም አላወቅሁም። በበርበሬው ጠርዝ ጠርዝ መጥተው ሳሎኑ በር ላይ ሲደርሱ ቄሱ በሳል ጀመሩ፣ አጎትየው ተከተሉ፣ እኔም መለስኩላቸው። የጅጋው ነጋዴ እንባውን እየጠረገ፣ "አሁን እሱ ነው፣" አለ። አጎትየው ጎንበስ ብለው ጫማቸውን ሊፈቱ ሲሉ እንዳይፈቱ ለመንኳቸው። ምንጣፉ ላይ ሲረግጡ ሚስቴ መጋረጃው ጀርባ ትንፋሿን ስትውጥ ሰማኋት።

ሽማግሌ መልእክቱ ሳይሰማ አይቀመጥም። ቆመው ቄሱ ጀመሩ፤ ልጃችሁን ለልጃችን አሉ። የእኔ ድርሻ የታወቀ ነው፤ ከዘመድ ልማከርበት ማለትና ቀጠሮ ማርዘም። ቶሎ የሰጠ አባት ልጁ የከበደችው ይመስላል። በአፌ አዘጋጅቼዋለሁ። "እንግዲህ ዘመድ አዝማድ..." ስል አጎትየው ግድግዳው ላይ ያስደገፉትን ዱላ ሊያነሡ እጃቸውን ሰደዱ። ቡሬ ላይም ነገሩ የጀመረው በዚሁ ቃል ነበር። ከመጋረጃው ሥር የልጄ እግር ይታየኛል፤ አይነቃነቅም።

በንግድ ዘመኔ የመጀመሪያ ዋጋ ተቀብዬ አላውቅም። የተቀበለ ሰው ገበያው መሣቂያ ያደርገዋል፤ እኔም ብዙ ሰው ስቄበታለሁ።

"ሰጥቻለሁ፣" አልኩ።

ቄሱ ይህን አልጠበቁም ነበር፤ ወደ ጅጋው ነጋዴ ዞር አሉ። አጎትየው ዱላውን እንደያዙ፣ "ዛሬ? ዘመድ ሳታማክር?" አሉኝ።

"ዘመዶቼ ሊበደሩ እንጂ ሊመክሩ አይመጡም፣ አባቴ።"

ዱላውን መልሰው አስደገፉት። ወደ ሶፋው አዩ፣ ወደ ጆንያው አዩ፣ ጆንያው ላይ ተቀመጡ። ሚስቴ ከመጋረጃው ወጥታ ሶፋው ላይ እንዲሆኑ ብትለምናቸው፣ ይኼ ይስማማናል ብለው ለቄሱም አጠገባቸው ቦታ ለቀቁ። ሦስቱም እዚያው ተደርድረው በሉ፤ ሁለቱ ሙክቱን፣ የጅጋው ነጋዴ የእስላም ሥጋ ስላልነበረን ሽሮውን። ጆንያ ላይ የተቀመጠ ሰው ወሬ አያበዛም ያልኩት ስህተት ነው፤ የሄዱት ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው።

ልጄ ከፋሲካ በኋላ ተዳረች። ማንኩሳ ናት፣ ደህና ናት። የሠርጉ ወጪ ለብቻው ነው፤ እዚህ አልገባም። ሣሩ ሞቷል። ሶፋው አሁንም ላስቲኩ አልተነሣም። ከመጋዘኑ ቀብድ አሥራ አራት ሺህ ብር ተመልሶልኛል። የቀረው ኪሳራ ሦስት መቶ ሃያ ስድስት ሺህ ብር ነው።