ለብቻው የተቀመጠ ድምፅ

ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ ቤቴ ውስጥ ድምፅ ያለው አንድ ላፕቶፕ ነው። የሴት ልጄ ነበር። ባሏን ተከትላ ጎንደር ስትገባ ሌላ ገዛላትና ይኼን ለኔ ተወችው። ውስጡ የሠርጓ ፊልም አለ። ሠርጉ ዳባት ነበር፤ እናቷ ከዳሱ ጥግ ቆማ ስታስተናግድ ካሜራው አለፍ እያለ ያገኛታል። ፊቷ አይታይም፣ ጀርባዋና ነጠላዋ ነው። ድምጿ ግን ጥርት ብሎ ይሰማል። ሌላ ቦታ የተቀዳ ድምፅ የላትም።

ሰንበት አስቀድሼ ስመለስ እሱን ከፍቼ እቀመጣለሁ። ልጄ ፊት ለፊት ላይ አንዲት ምልክት አድርጋልኛለች፤ እሷን ጠቅ ጠቅ ማድረግ ነው እንጂ ሌላ ጥበብ የለኝም። ዳዊት ደግሜ ነው ትምህርት ያቆምኩት፤ የፈረንጅ ፊደል አላውቅም።

ጓዳዬን የተከራየ አንድ መምህር ነበር፣ ደግ ሰው። «አባባ፣ ብቻዎን ከሚቆዝሙ ይኼን ይዩ» እያለ ማሽኑን ፊልም በፊልም አደረገልኝ። ጥይት የሚንጣጣበት፣ መኪና የሚገለበጥበት። ኋላ ተዛውሮ ሄደ፣ ፊልሞቹ ቀሩ። ማሽኑ ጠግቦ መንቀርፈፍ ሲጀምር ሥጋት ገባኝ። መቼም እኛ ገበሬዎች ነን። የሚዘራ ገብስና የሚበላ ገብስ በአንድ ጎታ አናስቀምጥም፤ ክረምቱ ሲጠና እጅ ይሳሳትና ዘሩ ይፈጫል። ስለዚህ ደባርቅ መናኸሪያው አጠገብ ኮምፒውተር ከምትጠግን ሴት ዘንድ ሄድኩ።

«የኔን ዕቃ ለብቻው አድርጊልኝ። ሌላ ጎታ አብጂለት» አልኳት።

«ፎልደር ላውጣለት አባባ?»

«ስሙን እንጃ። ብቻ ግድግዳ ይኑረው።»

«ግድግዳማ ካሉ ዲስኩን ለሁለት መክፈል ነው» አለችና ከፈለችው። ፊልሞቹ ካንዱ፣ ሠርጉ ካንዱ ገባ።

ደስ ብሎኝ ቤቴ ገባሁ። ምልክቷን ብጫን ማሽኑ በእንግሊዝኛ የሆነ ነገር ጻፈልኝና ዝም አለ። ደግሜ ብጫን ያንኑ ጻፈ። ዘሩ እንዳይፈጭ ብዬ ተሸክሜ ወፍጮ ቤት የወሰድኩት እኔው መሰለኝ።

በነጋታው መመለስ ነበረብኝ፤ አልተመለስኩም። ሁዳዴ ገብቶ ነበርና «የሠርግ ጭፈራ በጾም አይታይም» አልኩ ለራሴ። ነገሩ ግን ሌላ ነው። ብሄድና «ጠፍቷል» ብትለኝስ? እስካልነገረችኝ ድረስ አልጠፋም። ያን ሁሉ ሰንበት ሊማሊሞን የሚወጡት ከባድ መኪኖች ሲያቃስቱ እየሰማሁ፣ ጉሙ እስከ አጥሬ ሲመጣ እያየሁ ተቀመጥኩ። ድምጿን በልቤ ላመጣው ሞከርኩ። ቃሉ ይመጣል፣ ድምፁ አይመጣም።

ከፋሲካ በኋላ ልጄ ደወለች። «አባዬ፣ ለሙት ዓመቷ ስመጣ የእማዬን ድምፅ ታሰማኛለህ። እኔ ጋ እኮ የለም።»

«እሺ» አልኳት።

ላፕቶፑን በጋቢ ጠቅልዬ ወደ ሴትዮዋ ሄድኩ። ጉዴን ነገርኳት። ከፍታ አየችና፣

«ይኼን ተሸክመው ነው የከረሙት? ምንም አልጠፋም!» አለች። «እዚህ ውስጥ እያንዳንዱ ክፍል በሩ ላይ አንድ የፈረንጅ ፊደል አለው። ድሮ ሁሉም ‹ዲ› የሚባለው ቤት ነበር። ስከፍለው ‹ዲ› ለፊልሞቹ ቀረ፤ ለእርስዎ አዲስ ክፍል ማሽኑ ‹ኤፍ› ብሎ ሰጠው። ምልክትዎ ግን አሁንም ‹ዲ› ደጅ ቆማ ነው የምትጣራው። ቤት መቀየሩን አልነገርኳትም፤ የኔ ጥፋት ነው።»

«ታዲያ ንገሪያታ!»

«ፊደሉን ብመልስለት ይሻላል። ግን ሁለት ክፍል በአንድ ፊደል አይጠራም፤ በመጀመሪያ እነዚህን ተኳሾች እናስለቅቅ።»

የክፍሎቹን ዝርዝር አወጣች። የፊልሞቹን ፊደል ወደ ሌላ ቀየረችው። ማሽኑ አስጠነቀቃት፤ እሺ አለችው። ከዚያ ለሠርጉ ክፍል ‹ዲ›ን ሰጠችውና አጥፍታ አበራችው።

«በሉ ይጫኑ።»

«አንቺው ተጫኚ» አልኳት።

ዳሱ ወጣ። የሙሽራው አጎት ቆመው ይመርቃሉ፣ እኔም ከሽማግሌዎቹ ጋር ተቀምጬ አሜን እላለሁ። ከዚያ ከጥግ ድምጿ መጣ።

«እኒህ ሰውዬ መርቀው እስኪጨርሱ ሙሽሪት ክርስትና ታስነሳለች! አንተ ደግሞ አሜን አሜን እያልክ ልብ ትሰጣቸዋለህ!»

ሴትዮዋ በሳቅ ወደቀች። መልሳ ከፈተችው፣ እንደገና ሳቀች። ዓይኗን እየጠረገች «ማናቸው እኚህ?» አለችኝ።

«ባለቤቴ ናት።»

«ውይ፣ ሲያስቁ! እባክዎ አንድ ቀን ይዘዋቸው ይምጡ፤ አብረን እንጫወታለን።»

እንዲያው አፌን ምን እንደያዘው አላውቅም። «እሺ፣ ይዣት እመጣለሁ» አልኳት።

ቤቴ ገብቼ ከፈትኩት። ያ ቦታ ሲደርስ ከጎኔ ሰው እንዲስቅ ጠበቅሁ። ሠርገኛው ጨፍሮ ጨፍሮ ጨረሰ።

በማግስቱ ወደ ሴትዮዋ ልሄድ ማሽኑን ጠቅልዬ ከአጥሬ በር ደረስኩ። እዚያው ቆሜ አሰብኩ። ምን ተበላሸ እላታለሁ? ሁሉ ደህና ነው። ደግሞስ «ባለቤትዎ የታሉ?» ብትለኝ? ተመልሼ ገባሁ።