የሞላ እጅ

ባለፈው እሑድ ልጄ ስልኳን ይዛ መጣችና «አባዬ፣ ከእነዚህ የትኛውን ልሥራ?» አለችኝ። ጂም መሄድ ጀምራለች። ስልኩ ላይ አንዲት ሴት ኬትልቤል የሚሉትን እጀታ ያለው ድቡልቡል ብረት ጎንበስ ብላ ወደ ጎኗ ትስባለች፤ አንዴ በአንድ እጅ፣ አንዴ በሁለት። መጨረሻ ላይ ሁለት ብረቶች መሬት አስቀምጣ፣ ፑሽ አፕ እንደሚሠራ ሰው በላያቸው ተዘርግታ አንዱን አነሳች። ስልኩን ከፊቴ አራቅሁት።

እኔ እንዲህ ያለውን ብረት ለሌሎች ሳስተምር ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። ማራኪ በሚባለው፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ቤት በሚከራዩበት ሰፈር፣ አንድ ጂም ውስጥ ረዳት አሠልጣኝ ነበርኩ። ጂም ይባል እንጂ ቆርቆሮ ቤት ነው። በክረምት ፍራሹ ይሻግታል፤ የላብ፣ የእርጥብ ካልሲና የጥሬ እንቁላል ሽታ ተደባልቆ ጉሮሮ ይይዛል። ባለቤቱ ታደገ እንቁላሉን በወተት መትቶ ይጠጣና ጢሙን በእኛው ፎጣ ይጠርጋል። ያን ፎጣ ሳስበው ዛሬም ይቀፈኛል። ግን ያኔ ታደገ «ጎበዝ» ካለኝ ቀኑን ሙሉ ደስ ብሎኝ የምውል ሰው ነበርኩ።

ሞላ የዛሪማ ገበሬ ልጅ፣ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ነበር። ጀርባው ሰፊ፣ ወሬው ትንሽ። ብረት መሳብ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። መጀመሪያ አንድ እጁን አግዳሚ ወንበር ላይ አስደግፌ፣ ወገቡን ሳያጎብጥ ክርኑን ወደ ዳሌው እንዲስብ አደረግሁ። ያን ሲለምድ፣ ያለ ድጋፍ ጎንበስ ብሎ በሁለት እጅ። ተዘርግቶ የሚሠራውን ግን ከልክዬው ነበር። ብረቶቻችን ብየዳ ቤት የተሠሩ ናቸው፤ ታቻቸው ክብ ስለሆነ ሰው ሲደገፍባቸው ይንከባለላሉ።

በቀጣዩ ዓመት መስከረም ላይ፣ የማራኪ ጭቃ ገና ሳይደርቅ፣ ታደገ አዳዲስ ተማሪዎችን ለመሳብ ትርኢት አዘጋጀ። «ሞላ ይሥራ። ምን እንደሚሠራ አንተ ምረጥለት፤ ብቻ ሰው የሚጮህበት ይሁን» አለኝ። የቱ እንደሚያስጮህ አውቅ ነበር። መረጥኩት።

ሞላ ብረቶቹን በእጁ ሞከር አደረገና ቀና ብሎ አየኝ። «ምነው አያ ደሴ፣ ይኸኮ ይንከባለላል። ተው አላልከኝም ነበር?»

«አይዞህ፣ ጠበቅ አድርገህ ያዘው» አልኩት።

ሦስት ጊዜ ሳበ። ሰው አጨበጨበ። በአራተኛው የተደገፈበት ብረት ከሥሩ ሸሸ፤ የእጁ አንጓ ታጠፈና ሰውነቱ በላዩ ወደቀበት። አጥንቱ ሲሰበር በር አጠገብ ቆሜ ሰማሁት። ታደገ መጀመሪያ ያነሳው ሞላን ሳይሆን ብረቱን ነው።

በሁለተኛው ቀን አባቱ ከዛሪማ መጡ። የሊማሊሞ መንገድ አንገላቷቸው ፊታቸው ገርጥቷል። ሞላ እጁ በጀሶ ታሽጎ ከጎናቸው ቆሟል። ታደገ ሰውየው ሰላምታቸውን እንኳ ሳይጨርሱ «ሳይፈቀድለት ነው ያነሳው። ረዳቴን ይጠይቁት» አላቸው። ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ።

«አዎ፣ ከልክዬው ነበር» አልኩ።

በቃሉ ውሸት እንኳ የለበትም። አብልጦ የሚያስጠላኝም ይኸው ነው።

ሞላ አየኝና ዓይኑን ወደ ጀሶው መለሰ። አባቱ ግን ጎንበስ ብለው «ይቅር በሉት ልጆቼ፣ ልጅነት ነው» አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «አንተስ ሸጋ ሰው ነህ፣ መክረኸው ነበር» አሉኝና እናቱ ለሞላ ከጋገሩለት ዳቦ ቆርሰው አስያዙኝ። ቆመው እያዩኝ በላሁት። ጥቁር አዝሙድ አለበት። የሚያሳፍረው፣ ጣፈጠኝ።

በሳምንቱ ጂሙን ለቀቅሁ፤ ለምን እንደለቀቅሁ ግን ለማንም አልተናገርኩም። ከዓመታት በኋላ ዛሪማ ድረስ ሄጄ ሞላን ገበያ ውስጥ አገኘሁት። እዚያው አስተማሪ ሆኗል። የጨበጠኝ በግራ እጁ ነው፤ የቀኙ አንጓ ዞሮ ቀርቷል።

«ለአባትህ እውነቱን ልነግራቸው ነው የመጣሁት» አልኩት።

«አምና አረፉ» አለኝ። ቀኝ እጁን እያየ «እጁስ ግድ የለም፣ ለመድኩት። አባቴ ግን አንተን አምነው እስኪሞቱ ድረስ የማልታዘዝ ልጅ መስያቸው ኖሩ» አለ።

እሑድ ዕለት ይህን ሁሉ ለልጄ ነገርኳት። እስከ መጨረሻው ሰማችኝና «ያ ታደገ የሚባል ሰውዬ ሲያስጠላ!» አለች። ለእኔ አዝና መሆኑ ገባኝ። እሱን መጸየፍማ ቀላል ነው፤ ስንት ዓመት ሙሉ በእሱ ስጽናና ኖሬያለሁ።

«የመረጥኩት እኔ ነኝ» አልኳት።

እንዲህ ብዬ ስናገር ይቀለኛል ብዬ ነበር፤ አልቀለለኝም። ያን ቃል ማለት የነበረብኝ አባትየው ፊት ቆሜ ነው። እኔ ግን ሶፋዬ ላይ ተመቻችቼ፣ ምንም ለማታደርገኝ ለገዛ ልጄ ተናገርኩት።