እጀታ የሚወዘውዘው ጎረቤቴ

ጎረቤቴን የሕንፃው ሰው ሁሉ ጠርጣራው ይለዋል። የኔትወርክ ቴክኒሻን ነው። በሩን ቆልፎ ደረጃ ከወረደ በኋላ ተመልሶ እጀታውን ካልወዘወዘ መንገዱን አይቀጥልም።

እኔ የሕንፃ ፕላን እስላለሁ። ፕሮግራሙ ከባድ ስለሆነ ከቤቴ ትልቁ ኮምፒውተር በቀር የሚችለው የለም። እናቴ ሌላ ከተማ ሆስፒታል ስትተኛ ጭንቅ ያዘኝ፤ ፕላኑን በሰዓቱ ካላስረከብኩ ከሥራ እባረራለሁ፣ እሷም ከእኔ ሌላ አስታማሚ የላትም።

ይህን የሰማው ጠርጣራው ሳልጠራው መጣ።

"እዚያ ሆነሽ ወደዚህ ኮምፒውተር የምትገቢበትን መንገድ እሠራልሻለሁ፤ በይለፍ ቃል ግን አይሆንም።"

"ለምን?"

"ቃል ይገመታላ! በቁልፍ ነው የምትገቢው።"

ቁልፍ ያለው ላፕቶፔ ላይ የሚቀመጥ ፋይል ነው። እሱን ያልያዘ ማሽን ከኮምፒውተሬ ጋር ሰላምታም አይለዋወጥም። አንተም አንድ ቅጂ ያዝ ስለው ገላመጠኝ። "እኔንም አትመኚ፤ ማንንም።" ከዚያ ቤቱ ሄዶ በራሱ ማሽን ኮምፒውተሬን ሰብሮ ለመግባት ሞከረ፤ ሲያቅተው ፊቱ በርቶ ተመለሰ።

ከእናቴ አልጋ አጠገብ ተቀምጬ ላፕቶፔን ከፈትኩ። የቤቱ ኮምፒውተር አይመልስም። ደጋግሜ ሞከርኩ፤ ዝም። እናቴ ዓይኗን ገለጥ አድርጋ፣

"ሶኬቱን ሁሉ ነቅለሽ ነው የመጣሽው?" አለችኝ።

ክው አልኩ። እናቴ ያሳደገችኝ ሶኬት ሳይነቀል ከቤት አይወጣም እያለች ነው። እጄ እኔን ሳያማክር የኮምፒውተሩንም ነቅሎታል።

ለጠርጣራው ደወልኩ። "የቤቴ ትርፍ ቁልፍ አከራይዋ ጋ አለ፤ ግባና ኮምፒውተሩን ሰካልኝ።"

"በቪዲዮ ይሁን። እያየሽኝ ነው የምገባው።"

ስልኩን ወደ ፊት ዘርግቶ ገባ። "ይኸው ከፈትኩ። ይኸው ሳሎን ነኝ። ሌላ ክፍል አልገባሁም፣ አየሽ አይደል?" ሰካ፣ አበራ፣ ቆልፎ ወጣ። እጀታውንም ወዘወዘ።

ላፕቶፔ ላይ ፕላኔ ብቅ ሲል እንባዬ መጣ። እናቴ ሁሉንም ስትሰማ ነበር። "ወላድ በድባብ ትሂድ" አለች። በአንድ እጄ እጇን ይዤ፣ በሌላው እየሳልኩ በሰዓቱ አስረከብኩ።

እናቴ ድና እኔ ቤት ስትመጣ የኮምፒውተሩ ሶኬት ላይ ቀይ ክር አሰረች። ስንወጣ ሌላውን ሁሉ ትነቅላለች፤ ክር ያለውን ዳብሳው ታልፋለች።

እኔም የቤቴን ቁልፍ ከአከራይዋ ተቀብዬ ለጠርጣራው ሰጠሁት።

"ማንንም አትመኚ አላልኩሽም?"

"ብለኸኛል።"

አቀርቅሮ ተቀበለኝ። ኪሱ ከተተው፤ ጥቂት ሄዶ ቆመና ኪሱን ዳበሰ።