ካይን ታዮ ስትለኝ አሜን

የልጅ ልጆቼ ናቸው ተናገሪ ያሉኝ። «እማማ፣ የፊሊፒኗን ሴትዮ ነገር አውሪልን» ይላሉ፤ ከዚያ ገና ስጀምር እየሳቁ ያቋርጡኛል። ስለዚህ ማንም በማያቋርጠኝ ወረቀት ላይ ላስፍረው ብዬ ተቀመጥኩ። ትምህርት ቤት ገብቼ አላውቅም፤ ፊደል ያስቆጠረኝ ታላቅ ወንድሜ ነው። እጄ ቀርፋፋ ነው፣ ወሬዬም ከመንገድ ይወጣል። ታገሱኝ።

ብሬብሩክ ወደሚባለው የባሕር ማዶ ሰፈር የመጣሁት ወረርሽኙ ሳይመጣ አራት አምስት ዓመት ቀደም ብሎ ነው፣ የልጄን ልጆች ላሳድግ። ልጄ አረጋውያን በሚጦሩበት ቤት ትሠራለች፤ ባሏ ትሩጋኒና በሚባል ሰፈር መጋዘን ውስጥ ነው። የሥራ ሺፍታቸው አይገጥምም፣ አንዱ ሲገባ ሌላው ይወጣል። ልጆቹን ከትምህርት ቤት የማመጣቸው እኔ ነበርኩ።

በመንገዳችን ላይ፣ ከአውቶቡስ ማቆሚያው ፊት ለፊት፣ አንዲት የፊሊፒን ምግብ ቤት አለች። ባለቤቲቱ ደልደል ያለች ሳቂታ ሴት ናት። የምሳ ሰው ሲያልቅላት ደጅ ካለችው ጠረጴዛ ቁጭ ብላ የራሷን ምሳ ትበላለች። ሠራተኞቿ «አቴ» ይሏታል፤ በነሱ ቋንቋ ታላቅ እህት ማለት ነው አሉ። እኔ ግን «እቴ» የሚሏት መስሎኝ «እንዴት ዋልሽ እቴ» ማለት ጀመርኩ። እሷም «ወይ» ትላለች። በዚያው ጸናን።

አንድ ቀን ልጆቹን በግራ በቀኝ ይዤ ሳልፍ ማንኪያዋን ወደኛ ከፍ አድርጋ «ካይን ታዮ!» አለች። ቆምኩ። ካይን ያውጣችሁ ማለቷ ነው አልኩ በሆዴ። አንድ ሐበሻ አስተምሯት ይሆናል፤ ምላሷ አልታጠፍ ብሏት ነው እንጂ። እኛ ጴንጤዎች ነን፣ የቡዳ ወሬ አናበዛም። ቢሆንም ልጅ ሲመረቅ ዝም አይባልም። ጎንበስ ብዬ «አሜን! አሜን! ያንቺንም ልጆች!» አልኳት።

አሜኑን ሰማች። ብድግ አለችና ወንበር ሳበችልኝ። ሰው ወንበር ሲስብልኝ እምቢ ማለት አላውቅበትም፤ ተቀመጥኩ።

ሩዝ ከወጥ ጋር መጣ። ሥጋ አለበት። አሳማ ቢሆንስ? ቤተ ክርስቲያናችን አይከለክለንም፣ የሚከለክለን ሆዳችን ነው። እንግሊዝኛ የለኝ፤ ወደ ሳህኑ እየጠቆምኩ በአፍንጫዬ እንደ አሳማ አንኮራፋሁላት። የልጅ ልጄ «እማማ!» ብላ ፊቷን በቦርሳዋ ሸፈነች። እቴ ጠረጴዛውን እየደበደበች ሳቀች፤ ከዚያ ክንዶቿን እንደ ክንፍ አራገበች። ዶሮ ነው። በላን።

ከዚያ ወዲህ ባለፍን ቁጥር እሷ ካይን ታዮ ትላለች፣ እኔ አሜን እላለሁ፣ ወንበር ይመጣል። የዚህች ሴት ምርቃት ደግሞ ሲያጠግብ! እል ነበር።

ኋላ በሽታው መጣ። ልጄ የምትሠራበት ቤት ገባ። ለልጆቿ ይዛ እንዳትመጣ ብላ ሥራዋ አጠገብ አንድ ክፍል ያዘች። ሠራተኛው በየተራ ሲወድቅ የቀሩት ደብል ሺፍት ገቡ። በስልኩ ሳያት ጉንጯ ጎድጉዷል።

«በላሽ?»

«በላሁ እማዬ።»

ልጄን አውቃታለሁ። ቶሎ ብላ በላሁ ካለች አልበላችም። ምን በላሽ ስላት፣ ብስኩት።

«ምግብ አይሰጧችሁም እንዴ?»

«ይመጣልናል። ያቺ ያንቺ ወዳጅ ናት በነጻ የምትልክልን፤ ግማሹ ሠራተኛ ያገሯ ሰው አይደል? ግን ሥጋው ምን እንደሆነ አላውቅም። አሳማ ይወዳሉ። በነጻ ለምታበላ ሴት ይኼ ምንድን ነው ይባላል? ለጓደኞቼ እሰጠዋለሁ።»

«ጓደኞችሽ ይወፍሩልሽ! አንቺ ልትወድቂብኝ ነው!»

«አትቆጪ እማዬ፣ ልገባ ነው» ብላ ዘጋችው።

እኔ ሠርቼ ልላክላት ብል፣ የቤት ምግብ ከውጭ አይገባም ተባለ። በሽተኛ በብስኩት ጉልበት አይነሣ! ብትታመምስ ምን ይዛ ነው የምትቋቋመው? እግሬ ቤት አላስቀምጠኝ አለ።

በማግስቱ የልጅ ልጄን ይዤ ሄድኩ፤ ያን ጊዜ ከኔ በቁመት በልጣለች። የደጁ ጠረጴዛ በሩ ላይ ተጋድሟል፣ ወንበሮቹ ተደራርበዋል። ከውስጥ የምግብ ሳጥን ተከምሯል። እቴ ማስክ አድርጋ ብቅ ስትል በዓይኗ ነው የለየኋት። እጇን አነሣች፣ «ካይን ታ…» አለችና ቃሉ አፏ ላይ ቀረ። የምትስብልኝ ወንበር የላትማ። ዓይኗ ሞላ።

የልጅ ልጄ በእንግሊዝኛ አንድ ነገር ጠየቀቻት፤ ከዚያ ወደኔ ዞረች።

«እማማ፣ ሌትስ ኢት ማለት እኮ ነው! እንብላ!»

«እንብላ?»

«አዎ! አንቺ አሜን፣ አሜን ትያታለሽ!»

እንብላማ እኛም አገር አለ። የሚበላ ሰው አላፊውን እንብላ ይላል፤ አላፊው «ይባረክ» ብሎ መንገዱን ይቀጥላል። እኔ ግን ያን ሁሉ ዓመት አሜን ብዬ ዘፍ! አፍሬ ማስኬን እስከ ዓይኔ ሳብኩት።

የመጣሁበት ጉዳይ ግን አለ። «ልጄ የምትልኪውን አትበላም በያት» አልኳት። የልጅ ልጄ ነገረቻት። እቴ ደንግጣ ለምን ስትል፣ ልጅቷ በነጻ የሚሰጥ ሰው ላይ እንዴት ይባላል ብላ ታመነታ ጀመር። አልጠበቅኳትም። ማስኬ ውስጥ እንዳለሁ በአፍንጫዬ አንኮራፋሁ።

እቴ ትክ ብላ አየችኝ። ከዚያ ያ የድሮ ሳቋ መጣ፤ እንባዋን እየጠረገች ክንዶቿን አራገበችልኝ።

ማታውኑ ለልጄ «ከእንግዲህ ዶሮ ነው የምትልክልሽ፣ ብዪ» አልኳት። ጥቂት ቀን ቆይቼ ደወልኩ። «በላሽ?»

«ቆይ እማ… እየበላሁ ነው።»

አፏ ሙሉ ነው! ስልኩን ስፒከር ላይ አድርጌ ለልጆቹ አሰማኋቸው፣ እናታቸው ስታኝክ። እንደዚያ ያለ መዝሙር ሰምቼ አላውቅም። ያን ክረምት ልጄ በእግሯ ቆማ ወጣችው።

እኔ የመሰለኝ፣ እቴ ለልጄ አንዲት ሳጥን ለብቻ ምልክት አድርጋ የምትልክላት ነው። በጸሎቴ ስመርቃት የኖርኩት ስለዚያች አንዲት ሳጥን ነው። ከዓመታት በኋላ ልጄ የሥራ ጓደኛዋን፣ ፊሊፒናዊት ነርስ፣ ቤታችን ምሳ ጋበዘቻት። ዶሮ ሳቀርብላት ሳቋን መቆጣጠር አቃታት፤ ልጄ እየሰማች ተረጎመችልኝ። በዚያ ክረምት፣ አለች፣ እቴ የምንወደውን አሳማ ድንገት ከሁላችንም ሳጥን አጠፋችው። ዶሮ፣ ዶሮ፣ ዶሮ! ክንፍ ልናበቅል ነው እያልን አማረርናት። እሷ ግን ክረምቱ እስኪያልቅ ኩሽናዋ አሳማ አላስገባችም። «ሳጥን ከሳጥን ቢሳሳት የዚያች አሮጊት ልጅ ጾሟን ታድራለች» ነበር ያለቻቸው።