ሳይጠፋ የቀረው አንባቢ

ሰሞኑን ስልኬ «ቦታ ሞልቷል» ሲለኝ ፋይል ላጠፋለት ጣቴን አነሳሁና ድንገት የሐዋሳ ከሰዓት መጣብኝ፤ ከሐይቁ የሚነሳው እርጥብ ነፋስ፣ የባጃጅ ጥሩምባ፣ የጋለ ኮምፒውተር ሽታ።

ያኔ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበርኩ። አክስቴ መሃል ከተማ ኢንተርኔት ቤት ነበራት። በዊንዶውስ ፋንታ ሊኑክስ በሚባል ነፃ ሲስተም የሚሠራው ኮምፒውተሯ አንድ ቀን ዲስኩ ሞልቶ አልሠራ አለ። አብራኝ የምትማር ጓደኛዬን ጠራኋት።

«የወረዱት ፓኬጆች፣ ማለትም የፕሮግራም መጫኛ ፋይሎቹ ናቸው» አለችን። «ፕሮግራሙን ብታጠፉትም የወረደው ፓኬጅ ካሽ በሚባል ማከማቻ ውስጥ ይቀመጣል። በአንድ ትእዛዝ ልጥረገው?»

«ቆይ፣ መጀመሪያ ምን ምን እንዳለ እንየው» አልኳት።

ጨዋታው፣ ሙዚቃ ማጫወቻው፣ ምንነቱን የማላውቀው ሁሉ ተደርድሯል። ይሄስ ምንድን ነው፣ ያኛውስ እያልኩ አሰለቸኋት። አንዱ ላይ ስንደርስ «ይሄ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ጮክ ብሎ የሚያነብ ነው» አለችኝ። አንድ ደንበኛ አስጭኖት ሲሄድ አክስቴ አጥፍታው ኖሯል።

ወዲያው አባቴን አሰብኩ። የእንግሊዝኛ መምህር ነበር። ዓይኑ በሕመም ከጠፋ ወዲህ መጽሐፍ ነክቶ አያውቅም፤ እናንብብልህ ስንለው «ሥራችሁን ሥሩ» ይለናል። ምሥራቅ ክፍለ ከተማ ያለው ቤታችን ደግሞ ኢንተርኔት አልነበረውም።

ጓደኛዬ ፕሮግራሙን ከሚያስፈልጉት ሌሎች ፓኬጆች ጋር በፍላሽ ገለበጠችልኝ፤ የቀረውን ጠረገችው። ከዚያ ቤት ድረስ አብራኝ መጥታ እሷው ቀደም ሲል ሊኑክስ በጫነችልኝ አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ጫነችው።

አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፍኩ። ኮምፒውተሩ አነበበው።

አባቴ አንገቱን አዘነበለ። «ማነው ይሄ በአፍንጫው የሚያወራው?»

«ኮምፒውተሩ ነው፣ አባዬ።»

«የት ላይ ነው የሚተነፍሰው?» እያለ ስፒከሩን በጣቶቹ ዳሰሰ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ቤታችን በሁለቱ ክርክር ተሞላ። ያኛው ያነባል፤ አባቴ «ኧረ እንደሱ አይባልም!» እያለ ያርመዋል።

አንድ ከሰዓት ግን «ዝጊው» አለኝ። «ይሄ አማርኛ አያውቅም። እስቲ ከመደርደሪያው አንድ መጽሐፍ አውጪና አንቺ አንብቢልኝ።»

ከሕመሙ ወዲህ እንዲህ ብሎ ጠይቆኝ አያውቅም። የመጽሐፉ አቧራ አስነጠሰኝ። ማንበብ ጀመርኩ፤ መሃል ላይ አንድ ቃል ሳትኩ። አሁን ያርመኛል ብዬ ቀና ስል፣ ዓይኑን ጨፍኖ ፊቱን ወደ እኔ አዙሯል።

«ቀጥዪ፣ ልጄ» አለኝ።