ጋሽ ሸምሱ የተማሩበት መስጊድ

ልጅ ሳለሁ፣ መብራት በጠፋ ቁጥር፣ የቀበና ልጆች ሁሉ ከእንጦጦ የሚወርደውን ብርድ ሸሽተን ጋሽ ሸምሱ ሱቅ እንታጎር ነበር። ባንኮኒው ላይ ሻማ ያቆማሉ፣ ከሰሉን በካርቶን ያራግባሉ፣ ከዚያ ኢስታንቡል ስለተማሩበት ታላቅ መስጊድ ይጀምራሉ። ሺህ ምሰሶ አለው፤ ውሸታም ተማሪ የተደገፈው ምሰሶ ላብ ያልበዋል! ያኔ እኛ የጴንጤ ልጆች እንኳ፣ ጭሱ ዓይናችንን እያቃጠለው፣ እዚያ ሄደን ለመማር እንመኝ ነበር።

አድጌ ስኮላርሺፕ አገኘሁና እዚያው ከተማ ሄድኩ። በመጀመሪያው ወር፣ እሳቸው በስሙ ይጠሩት የነበረው መስጊድ ገባሁ። ምሰሶው አራት ብቻ! ተናደድኩ፤ ደግሞ ደስ አለኝ፣ አልዋሽም። እዚያው ቆሜ ለእናቴ በቪዲዮ ደወልኩና ስልኩን ሱቅ ድረስ አስወሰድኳት። ደንበኞችም የጋሽ ሸምሱ የልጅ ልጆችም እዚያ ነበሩ።

«ጋሽ ሸምሱ፣ የትኛው ምሰሶ ሥር ነው የተማሩት?»

«በስተቀኝ፣ ሰባተኛው» አሉ ፊታቸው በርቶ።

ካሜራውን አዞርኩና ጮክ ብዬ ቆጠርኩላቸው። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። «በሞቴ፣ ሰባተኛውን ያሳዩኝ!» ሱቁ በሳቅ ተናጋ። እኔም ሳቅኩ። አንድ ሕፃን «አባባ፣ ዋሽተሃል?» ሲል ሰማሁ።

እናቴ ስልኩን ነጥቃ ወጣች። «አንተ ጨካኝ! ሊማሩ ሲሄዱ ታመው ከሱዳን ድንበር ነው የተመለሱት። ትልልቆቹ ሁላችን እናውቃለን። አንድ ቀን አንስተንባቸው እናውቃለን?»

ክረምት ላይ መጥቼ ይቅርታ ልጠይቅ ሄድኩ። «የምን ይቅርታ ልጄ፣ እውነትህን እኮ ነው» አሉኝ። ወዲያው ልጆች ዝናቡን ሸሽተው ገብተው ተረት ብለው ሲለምኗቸው «እሱን ጠይቁት፣ ያየው እሱ ነው» ብለው ስኳር መመዘን ቀጠሉ። ነገርኳቸው፤ ሰፊ ነው፣ ምንጣፍ አለው፣ አራት ምሰሶ አለው። «ከዚያስ?» አለችኝ ትንሿ። ከዚያማ ምንም የለም። ልጆቹ ትንሽ ጠበቁኝና ሄዱ።

ይቅር ብለውኛል። ዛሬም ሳገኛቸው ይመርቁኛል፣ ስለ ሥራዬ ይጠይቁኛል። ተረት ግን ከዚያ ወዲህ ለማንም አልተናገሩም። የአሁኖቹ ልጆች ጋሽ ሸምሱን የሚያውቋቸው በስኳር ሻጭነታቸው ብቻ ነው፤ ይህን ያደረግኩት እኔ ነኝ።