የአያ ይማም አሻንጉሊቶች

ልጅ ሳለሁ ተረት የምንሰማው እጃችን ሥራ ይዞ ነበር። ባዶ እጁን ለተቀመጠ ልጅ ተረት አይነገረውም፤ የአያ ይማም የመጀመሪያ ሕግ ይህ ነበር። አያ ይማም የአክስቴ የዘሃራ አማች፣ የባሏ የጋሼ ሰይድ አባት ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ደሴ ፒያሳ ላይ ልብስ ሲሰፉ ኖረው፣ ጉልበታቸው አልታዘዝ ሲላቸው ቧንቧ ውሃ ሰፈር ልጃቸው ቤት ገብተው ተቀመጡ። ከሱቃቸው ይዘው የመጡት ንብረት የስፌት መኪናቸውና አንድ ማዳበሪያ ሙሉ ቁርጥራጭ ጨርቅ ነበር።

እኔ ለዚያ ቤት የእህት ልጅ ነበርኩ። እናቴ ከድጃ ጅዳ ሰው ቤት ልትሠራ ከአገራችን ከቢስቲማ ስትነሳ፣ «ብዙ አልቆይም» ብላ እህቷ ዘሃራ ዘንድ አስቀመጠችኝ። ሻንጣዋን አንጠልጥላ ከግቢው ስትወጣ ጀርባዋን አይቻለሁ። ፊቷን ግን ያን ቀን ማየቴን እርግጠኛ አይደለሁም።

ያኔ የደሴ ክረምት ጉሙን ከጦሳ ተራራ አውርዶ ደጃፋችን ድረስ ያመጣው ነበር፤ መብራት ሲጠፋ ኩራዝ ይለኮሳል፣ መግሪብ እንደተሰገደ ፍሙ የጋመው የከሰል ምድጃ ወደ አያ ይማም ክፍል ይገባል፣ እኛም በሩን ገርበብ አድርገን ዙሪያውን እንቀመጣለን። ሦስት ነበርን፤ በትንሽ የምትበልጠኝ የአክስቴ ልጅ ሰዓዳ፣ ታናሽ ወንድሟ ኑርዬና እኔ። አያ ይማም ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው ግድግዳውን ይደገፉና፣

«ጆሮ አለ?» ይላሉ።

«አለ!»

«እጅስ?»

«ይሠራል!»

ከዚያ በተረቱ ውስጥ ያሉትን ሰዎችና እንስሳት ያከፋፍሉናል፤ እሳቸው ሲተርኩ እኛ የደረሰንን እንሠራለን። ጅብ የደረሰው ልጅ አሮጌ ካልሲ ይሰጠዋል። ጫፉን በጥጥ ሞልቶ አንገቱን በክር ያስራል፣ ሁለት የሸሚዝ ቁልፍ ለዓይን ይሰፋል፣ ከቀይ ቁራጭ ምላስ ያወጣለታል። አህያ ከካርቶን ትቆረጣለች። ሰው የሚሠራው ከበቆሎ ቆረቆንዳ ነው፤ ቆረቆንዳው ላይ ጨርቅ ይጠቀለላል፣ ጥጥ የተሞላ ድቡልቡል ጨርቅ አናቱ ላይ ታስሮ ራስ ይሆናል፣ የተተረተረ ሹራብ ጸጉር ይሆናል፣ ዓይንና አፍ በከሰል ይሳላል። ከባድ ነገር የለውም። መርፌ እንዲይዝ ያልተፈቀደለት ኑርዬ እንኳ ቋጠሮ ብቻ እየቋጠረ ሰው ያወጣ ነበር። ዛሬ ኮምቦልቻ ቤቴ ውስጥ ዝናብ ሲያግደን ለልጆቼ የማሳያቸው ይህንኑ ነው፤ የጎረቤት እናቶች «ይህን ሁሉ ማን አስተማረሽ?» ሲሉኝ «አንድ ልብስ ሰፊ» ብዬ አልፈዋለሁ።

ለልጆቼ ያላሳየኋቸው ሁለተኛውን ሕግ ነው።

«በተረት የሞተ እቤት አያድርም» ይሉ ነበር አያ ይማም። በተረቱ ውስጥ አህያዋ በጅብ ስትበላ፣ አህያዋን የሠራው ልጅ በገዛ እጁ ፍሙ ላይ ይጥላታል። ካርቶን ቶሎ ይነዳል። ጨርቅ ግን መጀመሪያ ይጨሳል፣ ጠርዙ ይጠቁራል፣ ከዚያ ድንገት ቦግ ይላል። አያ ይማም እስኪያልቅ ድረስ ዝም ብለው ያዩታል፤ አልቆ አመድ ሲሆን ነው ተረቱን የሚቀጥሉት። ሌሊት ላይ ልብሳችን ሁሉ የተቃጠለ ጨርቅ ይሸት ነበር።

ማን እንደሚሞት የሚያውቁት እሳቸው ናቸው፣ የሚያከፋፍሉትም እሳቸው። ለሰዓዳ የንጉሥ ልጅ ትደርሳታለች፣ ለኑርዬ አንበሳ። ለእኔ አህያ፣ ለእኔ ጠቦት፣ ለእኔ ውሃ ልትቀዳ ወርዳ የቀረች ገረድ። ሰዓዳ የመስኮቱ ደፍ ላይ የደረደረቻቸው አሻንጉሊቶች ቦታ አልበቃቸው ብሎ አንዱ ባንዱ ላይ ተደራርበው ነበር። የእኔ አንድም አልነበረበትም።

አንድ ምሽት ደፈር ብዬ፣ «አያ፣ ዛሬ አንበሳውን ለእኔ ይስጡኝ» አልኳቸው።

በመነጽራቸው አናት አዩኝ። «አንበሳ ለቤት ልጅ ነው» አሉ። «ተጠግቶ ለመጣ አህያ ይበቃዋል።»

ሰዓዳና ኑርዬ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ እሳቸው ሲያስቁ አለመሳቅ አይቻልም ነበር። ይህን ዛሬ ለሰው ሳወራ የሚያምነኝ የለም፤ አያ ይማምን እወዳቸው ነበር። ድምፃቸው ዝቅ ሲል ትንፋሻችንን እንይዛለን፣ ከፍ ሲል እንደነግጣለን፣ ጅቡን ሲያስጮሁት ኑርዬ እጄን ጨምድዶ ይይዘኛል። ቀኑን ሙሉ የምጠብቀው ያንን ክፍል ነበር፤ ምን እንደሚደርሰኝ እያወቅሁ እሄዳለሁ፣ የደረሰኝን አሳምሬ እሠራለሁ፣ እጥለዋለሁ።

ከዕለታት በአንዱ አዲስ ተረት ጀመሩ። ባሕር ተሻግራ ልትሠራ የሄደች የወሎ ሴት ተረት ነበር። ሴትየዋን ለእኔ ሰጡኝ። ወዲያው እናቴን አሰብኩ። አክስቴን ብለምናት እናቴ ትታው ከሄደችው ሻሽ ላይ ጫፉን ቆርጣ ሰጠችኝ፤ አረንጓዴ ሆኖ ጠርዙ ላይ ወርቃማ ክር ያለው ነበር። ያን ሻሽ አሻንጉሊቷን አለበስኳት። ጸጉሯን ሁለት ቦታ ጎነጎንኩት። ዓይኗን በከሰል ብዙ ጊዜ ስዬ አጠፋሁ፤ ልክ አልመጣ አለኝ።

አያ ይማም አሻንጉሊቷን ተቀብለው በኩራዙ ብርሃን አገላበጡና፣ «እጅሽ ተፈታ፣ ሐያት» አሉኝ። አመስግነውኝ የሚያውቁት ያኔ ብቻ ነው።

ተረቱ እንደ ሌላው በአንድ ምሽት አላለቀም። ሴትየዋ በጀልባ ተሻገረች፣ በረሃ አቋረጠች፣ ደመና የሚነካ ቤት ያለው ሀብታም ዘንድ ገባች። በየጁምዓው ለልጇ በነፋስ ሰላምታ ትልክ ነበር። እናቴም በጁምዓ ቀን ነበር በጋሼ ሰይድ ስልክ የምትደውልልኝ። ምሽት በመጣ ቁጥር አሻንጉሊቷ ዛሬ ትጣል ይሆን እያልኩ እገባለሁ፤ አያ ይማም ግን ተረቱን መሃል ላይ ቆርጠው «በሉ ተኙ» ይሉናል። አሻንጉሊቷን አቅፌ እተኛለሁ። እቤት ያደረች የመጀመሪያ አሻንጉሊቴ እሷ ነበረች።

ከዚያ በኋላ በአንዱ ቀን ከትምህርት ቤት ስንመለስ ቤቱ ሌላ ሆኖ ጠበቀን። ጋሼ ሰይድ የኮምቦልቻውን ሚኒባስ ሳይነዳ ውሎ፣ ስልኩን በእጁ እንደያዘ ግቢው ውስጥ ቆሟል። የጎረቤት ሴቶች ጓዳ ገብተው ሲንሾካሾኩ ቆይተው እኔ ስገባ ዝም አሉ። የአክስቴ ዓይን ቀልቷል። «ምን ሆነሽ ነው?» ስላት «የከሰሉ ጭስ ነው» አለችኝና ሳታየኝ ጸጉሬን ዳበሰችው። ምሽት ሲሆን «ሂዱ፣ አያ ጋ ተቀመጡ» ብላ ሦስታችንንም ሰደደችን። ሌላ ጊዜ «ጥናታችሁን ሳትጨርሱ» ብላ የምትከለክለን እሷ ነበረች።

«ጆሮ አለ?» አሉ አያ ይማም።

ያን ምሽት ድምፃቸው ያምር ነበር። ሴትየዋ ከደመናው ቤት ላይኛው ክፍል ወጥታ የመስኮት መስተዋት ስታጥብ ነገሩን። ከታች ሰዉ እንደ ጉንዳን አንሶ ይታያት ነበር። በባሕሩ ማዶ አገሯን ያየች መሰላት፣ ልጇን ያየች መሰላት፣ ይበልጥ ልታይ ብላ አንድ እግሯን ወደ ውጭ አሳለፈች። ደፉ በሳሙና ርሷል። ፍሙ ሲንጣጣ ይሰማል።

«ወደቀች» አሉ።

ኑርዬ ቋጠሮውን አቁሞ ቀና አለ። «አያ፣ የሐያት እናት ናት እንዴ?»

አያ ይማም እኔን አዩኝ። «ጣያት» አሉ።

አልጣልኳትም። አሻንጉሊቷን ሆዴ ላይ አጥብቄ ያዝኳት። ሰዓዳ አፏን በእጇ ይዛለች። ሰዓዳ የሰማችው ነገር እንዳለ ፊቷ ላይ አየሁት፤ ያኔ ነው የገባኝ። የማንም አፍ ሳይሆን የሰዓዳ ፊት ነው የነገረኝ።

«ካልጣልሻት ተረቱ አያልቅም» አሉ አያ ይማም፣ ሳይቆጡ። እጃቸውን ዘርግተው ጣቶቼን አንድ በአንድ ፈቱና ወሰዷት። እንደሚያጎርስ ሰው ቀስ ብለው ፍሙ ላይ አስቀመጧት። ሻሹ እንደ ጥጥ አልነደደም፤ ተኮማተረ፣ ቀለጠ፣ እንደ ላብ ተንጠባጠበ። ጭሱ ጥቁርና መራራ ነበር።

የጮህኩት ያኔ ነው። አክስቴ እየሮጠች ገባች። ምድጃውን አየች፣ እኔን አየች።

«አያ! ስለ አላህ ብለው! ምን አደረጉ? ነገ ጎህ ሲቀድ ሽማግሌ መጥቶ ሊነግራት አልነበረም?»

«ልጅን ቀኑን ሙሉ መዋሸት ሐራም ነው» አሉ አያ ይማም። «እናንተ አፍ አጣችሁ፤ እኔ ነገርኳት።»

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ የቢስቲማ ዘመዶች መጥተው መርዶው እንደ ወጉ ተነገረኝ። ጅዳ ላይ መስኮት ስታጥብ ከፎቅ ወድቃ ሞታ እዚያው ተቀብራለች። ሴቶቹ ደረታቸውን እየመቱ አለቀሱ። እኔ አልቅሼ ጨርሼ ነበር፤ ዓይኔ ደርቆ ስቀመጥ፣ አንዷ የማላውቃት ዘመድ ለሌላዋ «ድንጋይ ናት፣ እናቷን አላወቀቻትም» ስትል ሰማሁ።

ጋሼ ሰይድ አባቱን ለብዙ ቀን አላናገራቸውም። ተረቱም ቀረ። ቆይቶ ግን ኑርዬ መለመን ጀመረ፣ ሰዓዳም ለመነች፣ ምድጃው ወደ ክፍላቸው ተመለሰ። እኔም ገባሁ። ሌላ የምሄድበት አልነበረኝም፤ ደግሞም ተረቱ ናፍቆኝ ነበር። ለሰዓዳ የንጉሥ ልጅ፣ ለኑርዬ አንበሳ ሰጡ። ለእኔ አህያ። አህያዋ ስትሞት «ጣያት» እስኪሉኝ አልጠበቅሁም።

ዓመታት አልፈው አያ ይማም ግማሽ ጎናቸው ደረቀ። ሰዓዳ ኮሌጅ ገብታለች፣ አክስቴ ገበያ ትውላለች፤ የሚያጎርሳቸው፣ የሚያገላብጣቸው፣ የሚያጥባቸው ሰው ሲፈለግ ትምህርቴን ያቋረጥኩት እኔ ሆንኩ። አላማረርኩም። ለራሴ የማወራው አንድ ነገር ነበረኝ። ቤቱ ሁሉ ሲዋሸኝ እውነቱን የነገሩኝ እሳቸው ብቻ ናቸው፤ ክፉ አነጋገር ቢሆንም ያመኑኝ እሳቸው ናቸው እል ነበር። በዚህ ሐሳብ ብዙ ዓመት ተጽናንቻለሁ።

አንድ ከሰዓት በኋላ አጥሚት እየመገብኳቸው፣ ምን እንደገፋፋኝ ሳላውቅ ጠየቅኋቸው። «አያ፣ ያን ምሽት እናቴን ለምን እንደዚያ ነገሩኝ?»

ምላሳቸው ቢተሳሰርም የሚሉት ይሰማ ነበር። ብዙ ሳያስቡ መለሱልኝ። «ተረቱ መጨረሻ አጥቶብኝ ነበር» አሉ። «ስንት ምሽት አስረዘምኩት፤ ሴትየዋን የት እንደማደርሳት ጠፋኝ። ጠዋት ሰይድ ወሬውን ነገረኝ። ገጠመልኝ።» ትንሽ አረፍ ብለው፣ ያ ደህናው የከንፈራቸው ጎን ፈገግ አለ። «ከሁሉም ያማረልኝ እሱ ነው» አሉ።

የያዝኩትን ማንኪያ አየሁት። ከዚያ አፋቸውን በፎጣ ጠረግሁና ቀጣዩን አጎረስኳቸው። ሌላ ምን ማድረግ እንደሚቻል አላወቅሁም። በዚያው ክረምት ሞቱ፤ ቀብራቸው ላይ ብዙ ሰው እንዴት ያለ ተራኪ ነበሩ እያለ አወራ። ውሸት አልነበረም።

አሁን ሳስበው የቀረኝ ቂም አይደለም። ቂም ቢሆን ይሻለኝ ነበር። የእናቴ ድምፅ ጠፍቶብኛል፣ ፊቷም ከአንዲት ደብዛዛ ፎቶ በቀር የለም። ስትሄድ፣ ባሕር ስትሻገር፣ በረሃ ስታቋርጥ፣ በጁምዓ ልጇን ስታስብ የማያት ግን አጥርቼ ነው፤ ያ ሁሉ የአያ ይማም ነው። እናቴን ባሰብኩ ቁጥር የምሰማው የእሳቸውን ድምፅ ነው፤ ከሷ ለይቼ ልጥለው አልቻልኩም።

ባለፈው ቅዳሜ ትንሿ ልጄ ጨርቅ እየጠቀለለች፣ «እማ፣ የአንቺ እናት እንዴት ያለች ነበረች?» አለችኝ። የማውቀውን ነገርኳት። ጀልባውን ነገርኳት፣ በረሃውን፣ ከፍ ያለውን ቤት። መስኮቱ ላይ ስደርስ አቆምኩ።

«ከዚያስ?» አለችኝ።

ነገርኳት። ልጄ አለቀሰች፤ አንስቼ አቅፌያት ብዙ ቆየሁ። ያን ምሽት እኔን ማን አቅፎኝ እንደነበር ለማስታወስ ሞከርኩ። አክስቴ በሩ ላይ ቆማለች፣ ሰዓዳ አፏን ይዛለች፣ አያ ይማም ግድግዳውን ተደግፈዋል። ሁሉንም አያቸዋለሁ። ወደ እኔ የተነሳ የለም።